ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት፦ ከአሮጌ ጄት ስኪ ጋር በሐዋሳ ያሳለፍኩት ኅዳር

ጄቱ፣ ማለትም ውሃ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል የሚነዳው ጄት ስኪ፣ ይነሳ ነበር። ችግሩ መነሳቱ ላይ አልነበረም። ጠዋት ቁልፉን ስጫነው በሁለተኛው፣ ቢበዛ በሦስተኛው ሙከራ ይነሳል። ሚኒሞ ላይም፣ ነዳጅ ሳልሰጠው፣ ደህና ይሠራል። ከዳር ራቅ ብዬ ነዳጅ ስሰጠው ግን ይታነቃል። ድምፁ ይወፍራል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ መስፈንጠር ሲገባው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይንፏቀቃል። ለቀቅ ሳደርገው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይረጋጋል።

ወሩ ኅዳር ነበር። ለታኅሣሥ ገብርኤል ሐዋሳ በእንግዳ ትሞላለች። ሐይቅ ዳር ለምንሠራ ሰዎች ያ ሳምንት ትልቅ ነገር ነው። የጄቱ ባለቤት ጋሼ በየማታው ይደውሉልኛል። «እንዴት ሆነልህ ልጄ?» ይሉኛል። የምመልሰው አልነበረኝም።

ይህን የምጽፈው አሮጌ ጄት ላላቸው፣ እንዲሁም በቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ በሚገባበት) ሞተር ጀልባ ለሚነዱ ልጆች ነው። ሐዋሳም ሁኑ፣ ላንጋኖ፣ ባቱ፣ ቢሾፍቱ ወይም ባሕር ዳር፣ እኔ ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ነገር እናንተንም ሊገጥማችሁ ይችላል። ደህና ሞተር ላስከፍት አንድ ቀን ነበር የቀረኝ።

ጄቱ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) አለው። አዲሶቹ ጄቶች ፎር ስትሮክ ናቸው፤ ኮምፒውተር ሲሰካባቸው ሕመማቸውን ይናገራሉ። የኛው አይናገርም። የአሮጌ ቱ ስትሮክ ጥሩ ነገሩ ግን ሁሉም ነገር በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚነካ መሆኑ ነው። እሳት፣ ቤንዚንና ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ የሚፈጥረው ግፊት) ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ይታመማል። ስህተቴ ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር።

እሳቱን በመጀመሪያው ቀን ጨረስኩት። ባትሪው ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት አሳየኝ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲዞርም ብዙ አልወረደም። ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ባትሪውን ወይም የማሳውን ሽቦ (ባትሪውን ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን) እጠረጥር ነበር። አሮጌ ጄት ላይ የማሳው ሽቦ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላልና ፈታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች አወጣሁ፤ ሁለቱም ጥቁርና እርጥብ ናቸው። በአዲስ ቀየርኳቸው። ቁጥራቸው ከጄቱ መጽሐፍ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ጥርሱ ገባ ብሎ የባጃጅ ካንዴላ የሚያስሩ ልጆች አይቻለሁ፣ አታድርጉት። አዲሶቹን አስሬ ወጣሁ። መጀመሪያ ላይ ደህና የሆነ መሰለኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ያው ሆነ። ሳወጣቸው መልሰው ጠቁረዋል።

ያኔ ነው ወደ ጋራዥ የሄድኩት። ሰውዬው ጎበዝ ባለሙያ ነው፣ ስሙን ላነሳ አልፈልግም። የኮምፕሬሽን መለኪያውን ይዞ ሐይቁ ዳር ድረስ መጣልኝ። ሲለካም በሥርዓቱ ነበር። ሞተሩን አሞቀ፣ ሁለቱንም ካንዴላ አወጣ፣ ሽቦዎቹን ከብረት ጋር አገናኘ፣ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይዞ ሞተሪኖውን አዞረ። የፊተኛው ሲሊንደር 118 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አሳየ። የኋለኛው 120።

ስልኬ ላይ ያለውን የጄቱን መጽሐፍ ከፈትን። መጽሐፉ 150 ይላል።

«ፋሻ ጨርሷል። መከፈት አለበት» አለኝ። ፋሻ ማለት ፒስተኑ ላይ የሚታሰረው ቀለበት ነው።

ልቤ ቁርጥ አለ። ሞተሩ ይከፈት ማለት ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ይወርዳል፣ ሲሊንደሩ ይወጣል፣ ፒስተንና ፋሻ ይገዛል ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ሶማሌ ተራ ድረስ ብትሄዱም ዕቃው መገኘቱ ያጠራጥራል። ከውጭ ሰው ማስያዝ ይመጣል። ገብርኤልም ያልፋል። ለጋሼ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ግድ ከሆነ ይከፈት እንጂ» አሉኝ። ለማግስቱ ተቀጣጠርን።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የከነከነኝ የሁለቱ ቁጥር መቀራረብ ነው። ፋሻ ሲያልቅ ሁለቱ ሲሊንደሮች ብዙ ጊዜ እንዲህ እኩል አያልቁም። አንዱ ቀድሞ ይወድቃል። ሃያ አምስት ዓመት የሠራ ሞተር ሁለቱ ጎኖቹ የሁለት ፒኤስአይ ልዩነት ብቻ ካላቸው እኩል ያረጁ ሳይሆን እኩል ደህና ናቸው ብዬ አሰብኩ። ግን 150 የሚለው ቁጥር አለ። እሱን ምን ላድርገው?

በማግስቱ ጠዋት መለኪያውን አስፈቅጄ ወሰድኩ። ጎረቤቴ እንግዶች የሚያንሸራሽርበት ቱ ስትሮክ የጀልባ ሞተር አለው። ስምንት ሰው ጭኖ ያለ ምንም ችግር ይሄዳል፤ ስለ ጤንነቱ ማንም አይከራከርም። «እባክህ ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» አልኩት። ለካነው። እሱም ከራሱ መጽሐፍ ወደ ሃያ በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ነገሩ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። ሯጮቻችን ለምን በቆጂ ወጥተው ይለማመዳሉ? ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ሞተርም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ከአየሩ ግፊት ሦስት በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙ። እዚህ ስትደርሱ ከ17 እስከ 18 በመቶ ጎድሏል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ከመጀመሪያው ስስ አየር ከሳበ፣ ጨምቆ የሚያሳየውም ቁጥር በዚያው ልክ ያንሳል። የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ጠለል አየር ነው። ባሕር ላይ 150 የሚያሳይ ሞተር ሐዋሳ ላይ 122 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። የኔው 118 እና 120 ለዕድሜው ከሚገባው በላይ ነበር።

ስለዚህ እዚህ አገር ኮምፕሬሽን ስትለኩ ከቁጥሩ ትልቅነት በፊት የሁለቱን ሲሊንደሮች ልዩነት እዩ። ከአሥር በመቶ በላይ ከተለያዩ ነገር አለ። እኩል ሆነው ከመጽሐፉ ዝቅ ካሉ ግን ከፍታውን አስቡት። ባሕር ዳር ከተማ ያላችሁ ከኛም ትንሽ ከፍ ትላላችሁ፤ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ቢሾፍቱ ደግሞ 1,900 አካባቢ ነው።

ባለሙያው ጋ ደውዬ ቀጠሮውን ሰረዝኩ። ስነግረው አልተከፋም። «እውነትህን ነው፣ አላሰብኩትም» አለኝ።

ሞተሩ ደህና ከሆነ፣ እሳቱም ደህና ከሆነ፣ የቀረው ቤንዚን ነው። አንድ አንጋፋ የጀልባ ሰው አሉ፤ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ሞተር ሲታመም የሚጠሩት እሳቸውን ነው። ሄጄ አማከርኳቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ በሃይላንድ ሞክረው» አሉኝ።

በሃይላንድ መሞከር ማለት እንዲህ ነው። ከሰልባትዮው (ከቤንዚን ታንኩ) የሚመጣውን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ትነቅላላችሁ። ንጹሕና በልኩ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ከያዘ የውሃ ፕላስቲክ አዲስ ቱቦ ትሰጡታላችሁ። የመመለሻውን ቱቦም ወደዚያው ፕላስቲክ ትመልሱታላችሁ። ጄቱን ውሃው ከጭን በላይ በሆነበት ቦታ በገመድ አስራችሁ ታስነሱታላችሁ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ከሰልባትዮ እስከ ካርቡሬተር ባለው መንገድ ላይ ነው። ካልጠፋ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው። ይኸው ነው። ምንም ሳትፈቱ የፍለጋውን ግማሽ ትጨርሳላችሁ። ግን ክፍት ቤንዚን ነው፦ መቀመጫው ተነስቶ ይቆይ፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አይጠጋ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን።

ሞከርኩት። ግማሽ መንገድ ዳነ። እስከ መካከለኛ ፍጥነት ያለ መታነቅ ሄደ፣ ገመዱን ወጠረው። እስከ መጨረሻው ስሰጠው ግን ትንሽ ቆይቶ ታነቀ። አንድ ጥፋት ስፈልግ ሁለት አገኘሁ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቱቦው ነበር። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጄቶች ግራጫ የቤንዚን ቱቦ ነበራቸው። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፣ አይሰነጠቅም፣ አያፈስም። የውስጥ ሽፋኑ ግን ከዓመታት በኋላ ከቤንዚኑ ጋር እየሟሟ ወደ አረንጓዴ ዝቃጭ ይለወጣል። አንዱን ቱቦ በምላጭ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውስጡ ሐይቅ ዳር ድንጋይ ላይ እንደሚያድገው አልጌ ያዳልጣል። በጣቴ ስጠርገው ወፍራም ማር ይመስል ተሳበ። የቤንዚን መክፈቻና መዝጊያ ቧንቧውም ውስጡ በዚሁ ተሸፍኗል። ጄታችሁ ግራጫ ቱቦ ካለው ችግር እስኪያመጣ አትጠብቁ፤ ሁሉንም ቀይሩ። ለቤንዚን የተሠራ ጥቁር ቱቦ ይሁን። የግሉኮስ ቱቦ የሚያስሩ አሉ፤ በጥቂት ሳምንት ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ እዚያ የታፈነ ቦታ ውስጥ ቤንዚን ማፍሰስ ማለት ደግሞ ፍንዳታ ነው። እያንዳንዱ ጫፍ በፋሸታ (በማሰሪያ ቀለበት) ይታሰር።

ከቱቦዎቹ ሁሉ አንዷ ቀጭን ናት፤ እሷን እንዳትረሱ። ከሞተሩ ካርተር (ከታችኛው ሳጥኑ) ተነስታ ወደ ቤንዚን ፖምፑ ትሄዳለች። ቤንዚን አይፈስባትም። የሞተሩን ትርታ ነው የምታደርሰው፤ ፖምፑ የሚስበው በዚያ ትርታ ነው። እሷ ከተሰነጠቀች ሰልባትዮው ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ይጠማል።

ቱቦዎቹን ቀይሬ በጣም ተማመንኩ። ካርቡሬተሩን ነገ እጠርገዋለሁ ብዬ ለሙከራ ወጣሁ። ሰዓቱን አላሰብኩትም። ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ያውቃል፤ ሐይቁ ጠዋት መስተዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ነገር ይሆናል። ከዳር ብዙ ርቄ ሳለሁ ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁት። ታነቀና ጠፋ። አልነሳም አለ። ማዕበሉ እየገፋኝ ወደ መሀል ይወስደኝ ጀመር። መረብ ሊጥሉ የወጡ ልጆች ደርሰው በገመድ ጎትተው አወጡኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ልጆቹ መልካም ነው ያደረጉት፤ እኔ ግን አንድ ነገር አላውቅም ነበር። አሮጌ ጄት ሞተሩ ጠፍቶ በፍጥነት ሲጎተት ውሃ በታች በኩል ባለው፣ ጄቱን በሚገፋው ፖምፕ ይገባና በማቀዝቀዣው ቱቦ ወደ ላይ ይገፋል። ሞተሩ እየሠራ ቢሆን ጭሱ ያን ውሃ ገፍቶ ያወጣዋል። ሞተሩ ከጠፋ ግን ማርሚታው (ጭሱ የሚያልፍበት ሳጥን) ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። የሚጎተት ጄት እጅግ በዝግታ፣ በሰው እርምጃ ያህል ነው መጎተት ያለበት። ፈጠን ማለት ግድ ከሆነ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማቀዝቀዣ ቱቦ በፒንሳ ይቆንጠጥ። በኋላ መፍታቱን ግን አትርሱ።

ዳር ደርሼ የማስነሻውን ቁልፍ ስጫን «ጠቅ» ብሎ ቆመ። ደግሜ አልተጫንኩም፤ ሞተሩን ያተረፈው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለ ፒስተኑ ሊጨምቀው አይችልም። ውሃ አይጨመቅም። አስገድዳችሁ ካዞራችሁት የሚታጠፈው ብረት ነው። ሁለቱን ካንዴላ አወጣሁ። የካንዴላ ሽቦዎቹን ከቀዳዳዎቹ አርቄ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘሁ፤ ከቀዳዳው የሚረጨው ውሃ ብቻ አይደለም፣ የቤንዚን ጭጋግም አለበት፣ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። ከዚያ ቁልፉን ነካ አደረግኩት። ከፊተኛው ቀዳዳ የወጣው ውሃ ከመቀመጫው በላይ ዘለለ። ሦስት፣ አራት ጊዜ እያረፍኩ ደገምኩት። ውሃው ወደ ጭጋግ ተለወጠ፣ ከዚያ ቆመ። በየቀዳዳው ጥቂት የቱ ስትሮክ ዘይት ጨመርኩ። መልሼ አዞርኩት። ደረቅ ካንዴላ አስሬ ስሞክር ሳል እንደያዘው ሰው እያጉረመረመ ተነሳ። በዚያው ከአሥር ደቂቃ በላይ ውሃ ላይ አሠራሁት።

ይህን ለነገ ማለት አይቻልም። ውሃ የገባበት ቱ ስትሮክ አንድ ሌሊት ካደረ የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ኩሽኔታዎች ዝገት ይጀምራቸዋል። ዘይት የሚደርሳቸው ከቤንዚኑ ጋር ነው እንጂ እንደ መኪና ካርተር ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት የላቸውም። በጨለማም ቢሆን በስልክ መብራት ጨርሱት። ጄቱ ከተገለበጠባችሁም ያው ነው። ሲመልሱት በየትኛው ጎን መዞር እንዳለበት ከኋላው የተለጠፈ ምልክት አለ፤ በተቃራኒው ካዞራችሁት ማርሚታው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይፈሳል።

በማግስቱ ካርቡሬተሮቹን አወረድኩ። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፣ በየደረጃው ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ማስተካከያ ቪቴ (ብሎን) ከመፍታታችሁ በፊት እስኪያርፍ ድረስ አጥብቃችሁ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩና ጻፉት። በግምት እመልሰዋለሁ ብላችሁ ብትፈቱት ትጸጸታላችሁ።

እንዲህ ያለ ካርቡሬተር ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቃት ትንሽ ወንፊት አለች። ከቤንዚን ፖምፑ ክዳን ሥር ነው የምትገኘው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። ከውጭ ያለውን ፊልትሮ መቶ ጊዜ ብትቀይሩ እሷን አይነካትም። የፊተኛውን ካርቡሬተር ወንፊት አውጥቼ ወደ ፀሐይ አነሳኋት። ብርሃን አያሳልፍም። ጭራሽ። አረንጓዴው ዝቃጭ ቀዳዳዎቿን አንድ በአንድ ደፍኗቸዋል፤ ጥግ ላይ ብቻ እንደ መርፌ ጫፍ የምታህል አንድ ብርሃን ትታያለች። ሞተሩ በሚኒሞ ለሚፈልገው ቤንዚን ያቺ ጥግ ትበቃለች። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ከየት ያምጣ? ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሰቃየሁባት ነገር መዳፌ ላይ ነበረች።

ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ንጹሕ ቤንዚን በቃት። በሽቦ አትውጓት። ጂግለሮቹንም (ቤንዚኑን የሚመጥኑትን ባለ ቀዳዳ ዕቃዎች) በአየር ንፉ እንጂ በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ቀዳዳው በትንሹ ከሰፋ ልኩ ጠፋ ማለት ነው። ዲያፍራም የሚባለው ስስ ላስቲክ እንደ ካርቶን ከደረቀ ይቀየር። የኔው ደርቆ ነበርና ቀየርኩት።

እዚህ ላይ ስለ ቤንዚኑ ራሱ ልናገር። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የገዛሁባቸው ቀናት ነበሩ። አልወቅስም፣ ሁላችንም ያደረግነው ነው። ግን ዘይት ከመቀላቀላችሁ በፊት ፈትኑት። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ተንኖ ወረቀቱን ነጭ ይተወዋል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ቅባት የመሰለ ክብ ምልክት ይቀራል። ነጭ ጋዝ ያለበት ቤንዚን ቱ ስትሮክ ሞተር ውስጥ ያለ ሰዓቱ ይቀጣጠላል፣ ፒስተን ይበላል። ውሃ እንዳለበት ለማየት ደግሞ በሚያሳይ ፕላስቲክ አሳድሩት፤ ውሃው ከታች ይቀመጣል። ዘይቱን በተመለከተ የኛ ጄት የዘይት ፖምፑ ስለተዘጋ የምንቀላቅለው በእጃችን ነው። ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት፣ ማለትም ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር። ዘይቱ ለውሃ ላይ ቱ ስትሮክ የተሠራው፣ ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል የተጻፈበት ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም።

ካርቡሬተሮቹ ተመልሰው ሲታሰሩ ጄቱ ሄደ። በእውነት ሄደ። ከዳር ያሉት ልጆች አጨበጨቡ። እኔ ግን ካንዴላዎቹን አውጥቼ አየሁ፤ አሁንም ይጠቁራሉ። እንደ በፊቱ አይደለም፣ ግን ይጠቁራሉ። ይሄ ያው የከፍታው ነገር ነው። ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ለባሕር አየር የተለካ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነውና ቤንዚኑ ይበዛበታል።

የላይኛውን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ቪቴ በአንድ ጊዜ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል ብቻ እያጠበብኩ ሞከርኩ። ከእያንዳንዱ በኋላ ትንሽ በሙሉ ነዳጅ እነዳለሁ፣ የማጥፊያ ገመዱን ድንገት እነቅላለሁ፣ ካንዴላውን አያለሁ። የተቆላ ቡና ቀለም ሲይዝ ቆምኩ። ነጭ እስኪሆን እንዳትሄዱ። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ቢያጨስና ካንዴላ ቢያበላሽ ነው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግን ፒስተኑን ያቀልጣል፤ ሲያቀልጥም ቀድሞ አያስጠነቅቅም፣ እንዲያውም ከመሞቱ በፊት በጣም ጥሩ ይሄዳል። ጄቱን ወደ አርባ ምንጭ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ጫሞ ከሐዋሳ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚያ ከመንዳታችሁ በፊት ያጠበባችሁትን መልሱለት።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሞተሩ በደንብ እየጮኸ ጄቱ አልሄድ አለኝ። ይህን ከመታነቅ ለዩት። ድምፁ ከፍ ብሎ ጉልበት ከሌለ ጥፋቱ ሞተሩ ላይ ሳይሆን ከታች ፖምፑ ላይ ነው። አጥፍቼ፣ ገመዱን ነቅዬ ከታች ስዳስስ የዓሣ መረብ ክር ኤሊካው (ውሃውን የሚገፋው ማራገቢያ) ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁ። በምላጭ ቆራርጬ አወጣሁት። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ሣርም ይስባልና እዚያ አካባቢ ቀስ በሉ። ጥልቀቱ ከጭን በታች በሆነ ቦታም አታስነሱ፤ ፖምፑ አሸዋ ይስባል። የማቀዝቀዣው ውሃ የሚያልፍበትን ቀጭን ቀዳዳ የሚደፍነው አሸዋ ነው። በጎን በኩል የምትወጣዋ ቀጭን የውሃ ፏፏቴ ከቀጠነች ወዲያው አጥፉ።

ከውሃ ውጭ በጎማ ስታጥቡት ሁልጊዜ ሞተሩ ቀድሞ ይነሳ፣ ከዚያ ውሃው ይከፈት። ስትጨርሱ ውሃው ቀድሞ ይዘጋ፣ ከዚያ ሞተሩ ይጥፋ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውሃው ማርሚታውን ይሞላና ከጉተታው የማይለይ ጣጣ ያመጣል። ውሃ ሳይከፈትለት ደግሞ ከሃያ ሰከንድ በላይ አታሠሩት። ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊትም መቀመጫውን አንስታችሁ አምስት ደቂቃ ይናፈስ። የቤንዚን ሽታ ከሸተታችሁ ምንጩን ሳታገኙ ቁልፉን አትንኩ።

ገብርኤል ደረሰ። ጄቱ ሳይከፈት ደረሰ። ጋሼ ከነልጆቻቸው መጥተው ዳር ላይ ቆመው አዩት። ልጃቸውን ከኋላዬ አስቀምጬ ታቦር ተራራን እያየን አንድ ዙር ወሰድኳት። ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁት፣ አልታነቀም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ክረምት አልፏል። ሰኔ ላይ ስናቆመው ሰልባትዮውንና ካርቡሬተሩን ባዶ አደረግን፣ ሲሊንደሮቹን በዘይት አራስን። ባለፈው ሳምንት ያንኑ መለኪያ ተውሼ ደግሜ ለካሁት። የፊተኛው 118፣ የኋለኛው 119።